የዳልቼ ጥጃና የሰብለ ገድ

ቡሬ ዙሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዘሚካኤል፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የዚያ አገር ብርድ እንደምን ይዞሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ማርያም በወጣህበት በገባህበት ትጠብቅህ፣ እንጀራህን ታስፋልህ።

ስልክ ደውለህ እንደ ነበር ልጄ ደጀኔ ነገረኝ። ስልኩን ተወው። ብትጮህልኝም የምሰማው ጉምጉምታ ነው፤ ያልገባኝን ሁሉ "እሺ፣ እሺ" እያልሁ ስሸኝ እውላለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ደጀኔ ቅዳሜ ሲመጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። የአንተንም እዚያው ቡሬ በወረቀት አሳትሞ ያመጣልኛል። አሁንም እህል መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ሳምንቱን እዚያው ያሳልፋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የላሜ የቦራ ጥጃ ሞተች። ባለፈው ዓመት የዳልቼ ሞቶብን ነበር፣ ይኸው ሁለተኛ። ሲወለዱ ደኅና ናቸው፤ ይቆማሉ፣ ይዘላሉ። ሳምንት ሞላቸው አልሞላቸው እንደ ውሃ የቀጠነ ቢጫ ያስቀምጣቸዋል፣ ዐይናቸው ይጎደጉዳል፣ ጆሯቸው ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ራሳቸውን ማንሳት ያቅታቸዋል። የቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ባምላኩ መጥቶ መርፌ ወግቷታል። መርፌው እሷን አላዳናትም፤ እኔን ግን "ሳታሳክም ገደለቻት" ከሚል አፍ አድኖኛል። ቦራም ጥጃዋን ስትጣራ ስትጣራ ወተቷን ይዛ ቀረች።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የደጀኔን ሚስት ሰብለን በሠርጉ ቪዲዮ አይተሃታል። አምና ጥር ላይ ወደ ቤቴ ገባች፤ በወሩ የዳልቼ ጥጃ ሞተ። አሁን ደግሞ የቦራ። ጎረቤቴ ንግሥቴ "ይህች ልጅ ገደቢስ ናት፤ እግሯ ከረገጠ ወዲህ ከዚህ ቤት ጥጃ አልወጣም" ብላ ለመንደሩ አዳርሳዋለች። እኔ አላልሁም። ሰው ነው ያለው። ግን ጥጃ የምታስረውም፣ የምታጠባውም፣ ሥሩን የምትጠርገውም ሰብለ ናት፤ ይህንም አልክድም። ዳልቼ መጋቢት ላይ ትወልዳለች። ያኛውም ጥጃ ከሞተ ሰብለ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ የሚሉ በዝተዋል፤ የደጀኔም ጆሮ እንደ እኔ አይደለም፣ ሁሉን ይሰማል።

አንተ እዚያ ሆላንድ ጥጃ ስታበላ ነው የምትውል። ጠንካራ መድኃኒት ፈልገህ ሰው ሲመጣ ላክልኝ።

አክስትህ ሀብትነሽ


ፍሪስላንድ፣ ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሀብትነሽ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ዳገቱን ይችላል? እኔ ደኅና ነኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ በጎጆዎም፣ በበረትዎም ሰላም ይግባ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በጣም ደስ አለኝ። የጥጃዋን ነገር ሳነብ ግን አዘንኩ። እቴቴ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ መድኃኒቱን አልልክም። ስስት እንዳይመስልዎት ምክንያቱን ልንገርዎ።

ተቅማጡ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ የሚያመጣው አንድ አይደለም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። ሳምንት አካባቢ ከሆነ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ሮታ የሚባል አለ፣ ኮሮና የሚባልም አለ፤ ያ ሰውን ቤቱ የዘጋው ሳይሆን የከብቱ። ደግሞ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ፣ ክሪፕቶ እንለዋለን፤ እሱ ወደ ሰውም ይዞራል፣ በተለይ ትንንሽ ልጆችን ይጎዳል። አንዳንዴ ሁለቱ ሦስቱ አብረው ይመጣሉ። የዚህ አገር ሐኪምም ቢሆን አይቶ ብቻ አይለይም፤ እበቱን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። የባምላኩ መርፌ ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል፣ ቫይረሱን ግን አይነካውም። ስለዚህ ባምላኩ ላይ አይፍረዱ። ደግሞ የሚገድላት አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቷ የሚያልቀው ውሃና ጨው ነው።

ከየት ይመጣል ካሉኝ፣ ከታመመ ጥጃ እበት ነው። መሬቱ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ፣ ባልዲው ላይ ወራት ይቆያል። ከታመመችው ወደ ጤነኛዋ በሰው እጅም ይሻገራል። ጥጃ የሚያጠባና የሚያስር ሰው እጁን ካልታጠበ በሽታውን ተሸክሞ ይሄዳል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ጥጆቹ የት ነው የሚታሰሩት? እንደ ድሮው ከምድጃው ማዶ ያለው ጥግ ላይ ነው? እንገሩንስ መቼ ጠጡ? እኔ ልጅ ሳለሁ የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃ አይጠባም ይባል ነበር። አሁንም እንደዚያ ነው የምታደርጉት? እንገር፣ ያ የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ ለጥጃ ክትባቱ እኮ ነው። ከእናቷ ሆድ ስትወጣ በሽታ የምትከላከልበት ምንም የላትም፤ ያን የምታገኘው ከእንገሩ ነው፣ እሱም በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠጣች ብቻ።

ሰብለን ሰላም ይበሉልኝ። የእትዬ ንግሥቴን ወሬ አይስሙ፤ ለዚህ እንኳ ጆሮዎ ቢደክም ምን አለበት።

ልጅዎ ዘሚካኤል


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሚካኤል፣

እንደምን አለህ? እኛ ደኅና ነን። ጥምቀትም በሰላም አለፈ። ለመጻፍ የዘገየሁት በአጨዳና በውቂያ ነው። አንተንም እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ።

ደብዳቤህን ንግሥቴ ቁጭ ባለችበት ድምፄን አውጥቼ አነበብሁት። "በሰው እጅ ይሻገራል" ያልኸው ላይ ስደርስ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ይኸው ሆላንድ ያለውም መሰከረ" አለች። እኔ ንባቤን ቀጠልሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ጥጃ የሚታሰረው እዚያው ጥግ ነው፤ ሌላ የት ይታሰራል? ውጭ ብርድ አለ፣ ጅብም አለ። እንገሩንም እንደ ወጉ ነው የምናደርገው። የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃ ከጠባ እናቲቱ ላይ ይቀራል ሲባል ነው ያደግሁት። የቦራ አንድ ሌሊት አድሮ ነው የወረደው። እስከዚያ አልበናት እንገሩን አፍልተን ለጎረቤት አዳረስን፤ ንግሥቴ ራሷ ሁለት ጊዜ አስጨምራ በልታለች። ለጥጃዋ የተረፈውን ሰጠናት። ክትባት መሆኑን ማን ነገረን?

ሰብለ ፀንሳለች፣ እንኳን ደስ አለህ። ለአራስነት ፍኖተ ሰላም ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። ደኅና ናት።

መድኃኒቱን ከከለከልኸኝ እንግዲህ ምክሩን ላክልኝ። የዳልቼ ሆድ ወርዷል። መውለጃዋ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው።

አክስትህ ሀብትነሽ


ፍሪስላንድ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሀብትነሽ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ መጪውን ጾም በደኅና አስጀምሮ በደኅና ያስፈታዎት እላለሁ።

ሰብለ መፅነሷን ስሰማ እልል ነው ያልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ደጀኔን ስንት ወሯ ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ "ሦስት" አለኝ። እቴቴ፣ በሦስት ወሯ ለአራስነት ወደ እናቷ የሄደች ሴት እኔ ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ሰምተው ያውቃሉ? ለምን ሄደች ስለው "እናቴን ጠይቃት" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ስለዚህ እየጠየቅኩዎ ነው። ሰብለ ለምን ሄደች?

እጅ ያልኩት የማንንም እጅ ነው። የእርስዎም፣ የባምላኩም፣ የእኔም እጅ ያሻግራል። እትዬ ንግሥቴ ጥጃዋን ለማየት ገብታ ነክታት ከሆነ የእሷም። እኔ የጻፍኩት ሳሙና እንድታስቀምጡ ነው፤ ሰው እንድታስወጡ አይደለም።

እዚህ ስንት ዓይነት ማሽን አለ፣ ሐኪም በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሆኖም ጥጃ ይሞታል። ባለፈው ክረምት በተርታ ሞቱብን። እበታቸው ሲመረመር የአንዱ ሮታ ሆነ፣ የሌሎቹ ክሪፕቶ። ባለቤቱ ተበሳጨ፣ ተሳደበ፣ ከዚያ ሁላችንም ቱታችንን ለብሰን የጥጃ ቤቱን አጠብን። የምንወቅሳት ሙሽራ ስላልነበረች የቀረን ቤቱን ማጠብ ብቻ ነበር።

ምክሩ ይህ ነው። ያን ጥግ ይተዉት። አፈሩን አስቆፍረው ያስወጡት፣ ኖራ ያስነስንሱበት፣ ጥጃ ግን ለጊዜው አይታሰርበት። ከቤቱ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ዳስ ነገር ያሠሩላት፤ ጅብ እንዳይደፍራት በእሾህ ይታጠር፣ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ፣ ሲረጥብ ይቀየር። ዳልቼ ስትወልድ ጡቷን በሞቀ ውሃ ይጠቡ። የእንግዴ ልጁን አይጠብቁ፤ ጥጃዋ እንደ ቆመች ትጥባ። ስትጠባ እንዲያውም የእናቲቱ ማሕፀን ይኮማተራል፣ የእንግዴ ልጁ እንዲወርድ ይረዳል እንጂ አያስቀርም። ጥጃዋን ካስቀመጣት ወተት አይከልክሏት። በመሃል በመሃሉ ጤና ጣቢያ ለሕፃናት የሚሰጠውን ኦአርኤስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው ያጠጧት። ብርድ አያግኛት። ባምላኩንም ቶሎ ያስጠሩት።

መልስዎን እጠብቃለሁ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ጥያቄ።

ልጅዎ ዘሚካኤል


ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሚካኤል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ።

አዎ፣ እኔ ነኝ የሰደድኋት። ይኸው ጠየቅኸኝ፣ መለስሁልህ። ደጀኔ ይህን ፎቶ ሲያነሣ ያነበዋል፤ ያንብበው፣ የማያውቀው ነገር የለበትም።

ዳልቼ እስክትወልድ ከእናትሽ ጋር ሁኚ አልኋት። ለአባቷም "ሥራ በዝቶባታል፣ ትረፍ" ብዬ መልእክት ላክሁ። ሽማግሌ አልተላከም፣ ፍች አልተባለም። ግን እሷ ገብቷታል። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችኝም። ጥጆቹን ታጠጣበት የነበረውን ባልዲ በአመድ ፈትጋ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ደፍታው ሄደች። አሁንም ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል።

አንተ ሩቅ ሆነህ ቀላል ነው። እኔ ውሃ ስወርድ፣ ወፍጮ ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የምሰማው አንድ ነገር ነው። የልጅ ልጄ በዚህ ስም መካከል እንዲወለድ አልፈልግም። ጥጃዋ ብትሞት "ሰብለ የለችም፣ እሷ አይደለችም" እላለሁ ብዬ ነበር። እንዲህ ነው ያሰብሁት። ሌላ ሴት ብታስበው ኖሮ እኔ ራሴ እስቅባት ነበር።

ዳሱን ደጀኔ ሠርቷል። የጥጉን አፈር አስወጥቷል። ዳልቼ ጡቷ ሞልቷል።

ሀብትነሽ


ፍሪስላንድ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሀብትነሽ፣

እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግንዎታለሁ። ተቆጥቼም ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን እርስዎ ያሳደጉኝ አክስቴ ነዎት፤ ቁጣዬ እስከ ማታ አልቆየም።

ግን አንድ ነገር አስፈርቶኛል። "ብትሞት ሰብለ አይደለችም እላለሁ" አሉኝ። ብትድንስ? እቴቴ፣ ያልኩዎትን ካደረጉ ጥጃዋ ልትድን ትችላለች። ሰብለ ስትኖር ሁለት ሞቱ፣ ሰብለ ስትሄድ አንዷ ዳነች። እትዬ ንግሥቴ ይህን ይዛ ምን እንደምትል እኔ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ያኔ ማን ስለ እንገር ይሰማዎታል? ማን ስለ ጥጉ ይጠይቃል? ጥጃዋን እንድናድን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ በእኔው ምክር ሰብለ ይፈረድባታል።

ጥጃዋን አታድኑ ልል አልችልም። ሰብለን ግን አሁኑኑ፣ ዳልቼ ሳትወልድ ይመልሷት። እለምንዎታለሁ። ጥጃዋ ብትሞትም ብትድንም ሰብለ ቤቷ ትሁን።

ዳልቼ ከወለደች ወዲያው ይጻፉልኝ፤ አንድ መስመርም ይበቃኛል።

ልጅዎ ዘሚካኤል


ቡሬ ዙሪያ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዘሚካኤል፣

እንደምን ከረምህ? ፋሲካውንስ ከማን ጋር ፈሰክህ? ዝም ስላልሁህ በልብህ ምን እንዳልኸኝ አውቃለሁ፤ ካልኸውም የሚገባኝ ነው። ዛሬ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። እግዚአብሔር ትዕግሥቱን ይስጥህ፣ ረጅም ነው።

ያ የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ዳልቼ ወልዳ ነበር። ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። እንደ ቆመች ወደ እናቷ ጡት አስጠጋኋት። የእንግዴ ልጁ ገና አልወረደም፤ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ እጄን የምትይዘኝ መስሎኝ ነበር። ጠባች፣ ጠገበች። የእንግዴ ልጁም በሰዓቱ ወረደ፣ ዳልቼ ምንም አልሆነችም። ጾም ስለ ነበር እንገሩን የሚቀምስ ሰው የለም፤ ንግሥቴም ሳሕን ይዛ አልመጣችም። ሁሉንም ጥጃዋ ጠጣችው።

ዳሱ ውስጥ ደኅና ሰነበተች። ከዚያ ያ ያልታሰበው ዝናብ መጣ፣ በረዶም ቀላቀለ። ጭዱ ራሰ፣ ጥጃዋ ተንቀጠቀጠች። አሳዘነችኝና ወደ ቤት አስገባኋት። የት አሰርኋት? እዚያው ጥግ። አፈሩ ወጥቷል፣ ኖራ ተነስንሷል፣ ምን ይሆናል አልሁ። ደጀኔ ግን ያወጣው ላይ ላዩን ኖሯል፣ ማሰሪያውም ያው የድሮው ነበር። ዳሱ እስኪደርቅ እዚያው ከረመች።

ጥጉ በገባች በሳምንቷ ያ ቢጫው ጀመራት። ሽታው ያው ነው። ዐይኗ ጎደጎደ፣ ጆሮዋ ቀዘቀዘ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ከዚያ ተነሥቼ ያልኸኝን አደረግሁ። ወደ ደረቁ ዳስ መለስኋት፣ በጋቢዬ ጠቀለልኋት፣ እየጠባች በመሃሉ ኦአርኤሱን በጠርሙስ አጠጣኋት። ባምላኩ መጥቶ አያት፤ "የበፊቶቹ እንዲህ ጉልበት አልነበራቸውም፤ ይቺ እንገር የጠጣች ናት፣ ቀጥይ" ብሎኝ ሄደ። አንድ ቀን ጭራሽ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። በማግሥቱ ጠርሙሱን ራሷ ፈለገችው። ቀስ በቀስ ዳነች።

ይህን ሁሉ ከእኔና ከባምላኩ በቀር ያየ የለም። አራስ ጥጃ ለሰው ዐይን አይታይም፤ ደጀኔም በሁዳዴው ማለቂያ ሥራ በዝቶበት ቡሬ ከርሟል። ለፋሲካ ሰው ቤቴ ሲመጣ ጥጃዋ ደጅ ላይ ትቦርቃለች። አንተ እንደ ፈራኸው ሆነ። በሚያዝያ ማርያም ማኅበር ላይ ንግሥቴ ከሁሉ ፊት "እንኳን ደስ አለሽ፣ ቤትሽ ጸዳ" አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ "አሜን" አሉ። እኔ ጠላዬን አንሥቼ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ተመችቶኝ ነበር፤ ይህን ለአንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? ልጅቷን የሰደድሁት እኔ ነኝ። ጥጃዋ ደኅና ናት ከተባለ እኔም ልክ ነበርሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ ደጀኔ መጣ። ጥጃዋን ቆሞ ሲያያት ቆየና "ደኅና ናት አይደል?" አለኝ። አዎ አልሁት። "እንግዲህ ሰብለ አትመለስም ማለት ነው" አለና ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሴቶቹ ከቅጥሩ በር ሳይወጡ አቆምኋቸው። "ይቺ ጥጃ ታማ ነበር" አልሁ። "ያው ተቅማጥ ነው የያዛት። የያዛትም ያን ጥግ በገባች በሳምንቱ ነው። ያኔ ሰብለ የት ነበረች? ፍኖተ ሰላም። ባምላኩን ጠይቁት። ጥጆቼን የገደለው ያ ጥግ ነው፣ እንገሩን ለእናንተ ስለማካፍልም ነው። እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አይደለችም።" ንግሥቴ "ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅሽን?" አለችኝ። "ዐይንሽን ፈርቼ" አልኋት። ሴቶቹ ሳቁ። ንግሥቴ ግን አልሳቀችም፤ እስከ ዛሬም ቤቴ አልመጣችም።

ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። የሰብለ አባት በክብር ተቀበሉኝ፤ እንዲያ ባይቀበሉኝ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌ ሳላስቀምጥ፣ እንጀራቸውን ሳልቆርስ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። ሰብለ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች። ሆዷ ገፍቷል። ስጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ወደ ደኅናው ጆሮዬ ተጠግታ፦

"እትዬ፣ ጥጃዋ ባትታመም ኖሮስ? ይመጡ ነበር?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ሌላ ሰው እንዳይጠይቀኝ ስጸልይ ነው የመጣሁት። ዋሽቼ "እመጣ ነበር" ልላት እችል ነበር፤ ታምነኝም ነበር ይሆናል።

"አልመጣም ነበር" አልኋት።

አባቷ አቀረቀሩ። ሰብለም "ስላልዋሹኝ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትላኝ አልወጣችም፤ ብቻዬን ተመለስሁ።

ደጀኔ በሳምንቱ ቡሬ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ከፍኖተ ሰላም ሄዶ አመጣት። አብረው ናቸው። እኔ ጋ አልመጣችም፤ ነይ በላት ብዬም አላልሁትም። ስሟ በመንደሩ ጸድቷል፣ ባምላኩም ሰው ባገኘ ቁጥር የጥጉን ነገር ይነግራል። ቤቴ ግን ጭር ብሏል። ጥጃዋን እኔው አስራለሁ፣ እኔው አጠባለሁ፣ እጄንም በሳሙና እታጠባለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ሳይኖር እንኳ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የዳልቼን ወተት በጀሪካን ይዤ በሚኒባስ ቡሬ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሰብለ በሩን ከፍታ ወተቱን ተቀበለችኝ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ ዘጋችው። በሚቀጥለውም እንዲሁ። አዲስ ቤት የገባን ሰው "እንቦሳ እሰሩ" ብሎ፣ ጥጃ ይብዛላችሁ ሲሉ መመረቅ የአገር ደንብ ነው፤ ማንም መንገደኛ የሚለው ቃል ነው። ጥጃ በሞተ ቁጥር ስሟን ላጠፋሁባት ልጅ ግን ያን ቃል የምልበት አፍ አጣሁ። ሁለቱንም ቅዳሜ ሳልለው ተመለስሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አልሁት። ሰብለ ጀሪካኑን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች፣ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። እኔም አላቀረቀርሁም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ መቀመጫ ዱካ አወጣችልኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። እሷም በሩን ሳትዘጋው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አክስትህ ሀብትነሽ